ሦስተኛው ሽማግሌ

ቦንጋ ለስብሰባ ሄጄ፣ መኪና ስለሌለኝ በባጃጅ ነበር የምመላለሰው። አንድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች የተሳፈሩባት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲያስወነጭፋት፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ልትጨርሰን ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ለአንድ ልጅ ሚስት ልንጠይቅለት እየሄድን ነው። ሦስተኛችን ታመው ቀሩ፤ ሁለት ሆኖ መግባት ደግሞ ነውር ነው። እባክዎ፣ አብረውን ይግቡ» አሉኝ።

እምቢ ማለት ከበደኝ። የልጅቷ አባት ታዲያ ከሁላችን መርጠው እኔን፣ «ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው?» አይሉኝም!

ስሙን እንኳ አላውቅም። «እርጋታው ነው የሚገርመኝ» አልኩ። አባትየው ተስማሙ።

ስንወጣ ሽማግሌው የባጃጁን ሾፌር አቅፈው፣ «እንኳን ደስ ያለህ! እኚህ ናቸው ስለ እርጋታህ የመሰከሩልህ» አሉት።

ስንመለስ እግረኛው ሁሉ ቀደመን።