ማሞቂያ የጠየቀው ሰው

የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አሰብ ውስጥ ግድግዳው ሳይቀር በሚያልበው የሰኔ ቀትር፣ አንድ ሰው ሱቄ ገብቶ ማሞቂያ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቬንትሌተር ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝና የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

የወደብ ሠራተኛ ቱታ ለብሷል። ደረቱ ላይ ስሙ የነበረበት ጨርቅ ተነቅሎ ክሩ ብቻ ቀርቷል። በብብቱ የያዘውን የእንጨት ሳጥን ከፍቶ አንዲት ኤሊ አሳየኝ።

«ነገ እኛ ኢትዮጵያውያን በደባይሲማ ድንበር በኩል ወጥተን ደብረ ብርሃን እንገባለን» አለ። «እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ሙቀት ውስጥ ደጅ ማደር ነው የለመደችው።»

የኤሌክትሪክ ምድጃ አወረድኩለት። ሽቦውን አይቶ «ያቃጥላታል» አለ። ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል አበራሁለት። ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ፣ የሕፃን ወተት እንደሚሞክር ሰው ክንዱን ከሥሩ ዘርግቶ ብዙ ቆየ። እሱም በዛበት። ባለ አርባውን ወደደው፤ ብርሃኑ እንቅልፍ እንዳይነሳት በጣሳ እንደሚሸፍነው ነገረኝ።

«ለኤሊ ይህ ሁሉ ጣጣ፣ ወንድሜ?»

«የልጄ ናት። የልጅቷ እናት የዚህ አገር ሰው ስለሆነች ልጄን ይዛ ወደ ሰሜን፣ ጥዖ ወደሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ሄደች። ልጄ ‹ስትመለስ ይዘሃት ና› ብላ ሰጠችኝ።»

አምፖሉን ጠቀለልኩለት።

«ይሄ ምን ያህል ጊዜ ይሠራል?»

«ሌሊት ሌሊት ብቻ ካበራኸው አንድ ዓመት ይሄዳል።»

ቀና ብሎ መደርደሪያዬን አየ።

«ከዚህ አምፖል ስንት ቀርቶሃል?» አለኝ።