በቁሜ ላጨኝ

ጓደኛዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። ማሽን አይወድም። ፊትን በሙቅ ፎጣ ይሸፍናል፣ ምላጩን በቆዳ ቀበቶ ላይ ይስላል፣ ከዚያ ዝም አሰኝቶ ይላጫል። ወጣቱ ለዚህ ትዕግሥት የለውም፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንድ በአንድ አለቅን። ከድሮ ደንበኞቹ የቀረሁት እኔ፣ ጡረታ የወጣሁት የአውቶቡስ ሹፌር ብቻ ነኝ።

ደንበኛው ሲሞት ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመጨረሻ ጊዜ የሚላጨው እሱ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ግን ሱቁ ይመጣል እንጂ እሱ አይሄድም። ጥቁር ቦርሳውን ይዞ አንድ በር ከገባ እዚያ ቤት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሰፈሩ «ሸኚው» አለው። ውሎ አድሮ ሰው ቦርሳውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ይሸሸው ጀመር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ «እስቲ ቤት ጎራ በል» ያለው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድና «ገበያው ሞቷል አሉ» ብዬ አበሽቀዋለሁ። «አንተ እስካለህ ያጣጥራል» ይለኛል። ሴት ልጁ ሱቁን ዘግቶ እሷ ጋ እንዲገባ ትለምነዋለች፤ አንድ ደንበኛ እስካለኝ አልዘጋም ብሏታል።

አንድ ቅዳሜ ወገቤን ያዘኝና ቀረሁ። በሚቀጥለውም አልተነሳሁም። ሸኚው አላስችል ብሎት ቦርሳውን ሱቅ ትቶ ባዶ እጁን መጣ። ምን ዋጋ አለው፤ ጎረቤቴ በመስኮት አይታው እሪታዋን አቀለጠችው። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የራሴን ለቅሶ ሰማሁ። ደግነቴን ስትዘረዝር በሳቅ ልሞት ደረስኩ፤ በቁሜ አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም።

እሱ ግን አልሳቀም።

«አየህ፣ የታመመ መጠየቅ እንኳ ተከለከልኩ» አለኝና ሊመለስ ዞረ።

«ቦርሳህስ?» አልኩት።

«ምን ያደርጋል? አልሞትክ።»

«ሂድና አምጣው። በቁሜ ላጨኝ።»

አምጥቶ ላጨኝ። ጎረቤቴ ገብታ ሙቅ ውኃ ሰጠችው፤ አፍራለች። ፎጣውን ሲያጥፍ አላስቻለኝም።

«አንተንስ ማን ይላጭሃል?»

ያን ሁሉ ሰው ሲሸኝ ይህን አስቦት አያውቅም ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩና ምላጩን ተቀበልኩት። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መሪ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። እጄን አየና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገጩን ቀና አደረገልኝ።