በፊታቸው የሚወራ እንግሊዝኛ

ሰው ማመን አይሆንልኝም። ካዛንቺስ የነበረው የማስተማሪያ ክፍሌ ከፈረሰ ወዲህ ኡራኤል አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ተማሪ ሲመጣም መጀመሪያ የማጠናው ዓላማውን ነው። ቪዛ ፈላጊውን፣ ሥራ ፈላጊውን፣ ከሚስቱ ሸሽቶ የሚመጣውን ሳይቀር ከአቀማመጡ እለያለሁ። እኚህን ሽማግሌ ግን መለየት አቃተኝ።

ለገሃር ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። የካዛንቺስ ቤታቸው በልማት ከተነሳ በኋላ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ከፈረንጅ ደንበኛ የለቃቀሟት እንግሊዝኛ አለቻቸው፤ «ካም»፣ «ጎ»፣ «ቴክ»፣ «ፑት» ይላሉ። ከፊደል ልጀምር ስል እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

«እሱን ተይው ልጄ። እኔ የምፈልገው ያችን ትንሿን ነው፣ ከኋላ የምትለጠፈዋን። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ እሷ ስትለጠፍበት ይጠፋብኛል።»

እውነታቸውን ነው፤ እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ ያበሳጨችኝ እሷው ናት። «ሉክ» ማየት ነው፤ «ሉክ አፍተር» ሲባል መንከባከብ፣ «ሉክ ፎር» ሲባል ደግሞ መፈለግ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰዎቹ ቤታቸው ሲያወሩ የመጽሐፉን ረጅም ቃል ትተው በእነዚህ ነው የሚግባቡት። ደንብ ፈልጌላቸው ደክሞኛል፤ ሲነገሩ እየሰሙ መልመድ ብቻ ነው።

«ማን ሲናገር ነው የሚሰሙት?» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉ። «ልጄና ሚስቱ። በአማርኛ ‹ሻይ ይጨመርልዎ› ይሉኛል፤ ወዲያው እዚያው ፊቴ ቁጭ ብለው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ።»

ደሜ ፈላ። ይህን ዘዴ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኛዋ እንዳትሰማ፣ ሕፃኑ እንዳይሰማ፣ እናት አባት እንዳይሰሙ እንግሊዝኛ ይወራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪነቴ ቀርቶ መርማሪ ሆንኩ።

በየሳምንቱ የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ። እንዳይጠፋቸው ከጎተራ እስከ ኡራኤል ታክሲ ውስጥ እያነበነቡት፣ ረዳቱን እንኳ ሳያናግሩ። «ፑት ኦፍ» አሉኝ፤ ነገርን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው አልኳቸው። «ፋይንድ አውት» አሉኝ፤ ደርሶ ማወቅ ነው አልኳቸው። «ከቃሉ በፊት ደግሞ ‹ሂ ማስት ኖት› አለበት» አሉ። እንግዲህ እሳቸው ሊያውቁት የማይገባ ነገር አለ ማለት ነው። በሌላ ቀን «ቴክ ሂም ባክ» ይዘው መጡ።

«ሂም እኔ ነኝ?»

«ሳይሆኑ አይቀርም፣ አባባ። ወደነበረበት እንመልሰው ነው የሚሉት።»

«ወሎ?»

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ ያጣብባል።

«ምራትዎ ስታይዎት ፊቷ እንዴት ነው?»

«ኧረ ዓይኔን አታይም። ልጄም መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃ ይከፍትና ይቆያል። ስልክ የሚያወራ ይመስለኛል።»

አላመንኳቸውም፤ ልጅና ምራቱን ማለቴ ነው። ጅዳ የምትሠራ ሴት ልጅ እንዳለቻቸው፣ በየጁምዓው እንደምትደውል ነግረውኝ ስለነበር ለምን ለእሷ አይነግሯትም አልኳቸው።

«ሰሞኑን ድምጿን አልሰማሁም። ኔትወርክ አስቸግሯት ነው ይሉኛል። በቃ፣ ከእሷም የቆረጡኝ እነሱ ናቸው።»

ይሄንንም አመንኩ። እንዲያውም መታወቂያዎን ከኪስዎ አይለዩ ብዬ መከርኳቸው።

በሳምንቱ ማኪያቶው እንኳ ሳይቀርብ «ፓስ አዌይ» አሉኝ። ምራታቸው በረንዳ ላይ በስልክ ስታወራ ነው የሰሙት። «ፓስ አውቃለሁ፣ አዌይም አውቃለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ምንድን ናቸው?»

ያን ሁሉ ሳምንት የለቃቀምነው በአንዴ ቦታ ቦታውን ያዘ። ማቆየታቸው፣ እንዳያውቁ መፈለጋቸው፣ ዘመድ ወዳለበት ወሎ ሊወስዷቸው ማሰባቸው፣ የጁምዓው ስልክ መቅረቱ። መርዶ ነበር። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ አጠገብ ሆኖ ነው የሚነገረው። ካፌ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የምታረዳው ነገር አይደለም።

«ይህን አላውቀውም» አልኳቸው።

«እስካሁን ያላወቅሽው የለም።»

«ይህን አላውቀውም፣ አባባ።» እንባዬ ቀደመኝ።

«ኢና ሊላሂ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም። አስተናጋጁ ማኪያቶውን አስቀምጦ ሄደ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።

«ውሃውን የሚከፍተው ለካ እያለቀሰ ነው» አሉ። «እህቱ ሞታበት፣ እኔ ሌባ ሳደርገው ከረምኩ።»

ክፉ ነገር ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁት ይህን ነው። ለልጅዎ ደውዬ ይምጣና ይውሰድዎት ብላቸው እጄን ያዙኝ።

«አይሆንም። ወሎ ይውሰዱኝ፣ በወጉ ይንገሩኝ። ያን ዕለት እንደ አዲስ እሰማለሁ። ልጄ ለእኔ ብሎ ይህን ያህል ችሎ፣ እኔ አላሳፍረውም።»

ታክሲው እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው በመሀረባቸው ዓይናቸውን ደጋግመው ጠረጉ። ጎተራ ሲደርሱ ያለቀሰ ሰው መምሰል የለባቸውም።