የጀልባዋ ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ የወላጆቼን የአቃቂ ቤት ዕቃ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ላጓጉዝ ጫኝ ወጣቶች ጠርቼ፣ አልጋውም ቁምሳጥኑም ድስቱም ሳይቀር መኪናው ላይ ወጥቶ ሲያበቃ፣ አንደኛው ልጅ ከግቢው በር ሥር ቆሞ አንድ ጥቁር ድንጋይ በጫማው ጫፍ እየነካካ «እናቴ፣ ይሄም ይጫናል እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ድንጋዩ ለዓመታት በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ከመያዝ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ወገቡ ላይ ግን ገመድ የፋቀው ምልክት ዛሬም አለ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ምልክቱን ሳይ የቤንዚንና የማለዳ ጉም ሽታ ሳልጠራው መጣብኝና ሳቁ ቀረ።

አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር፤ ለሰፈሩ ግን «ባለ ሞተሩ» ነው። ሞተር ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ፣ በራሷ ጎማ ላይ የተቀመጠች የአንድ ሰው መቀመጫ ነበረችው። ሌላው ሰው ሳይድካር ይላታል፤ እኛ ቤት ግን አፍንጫዋ ሾጠጥ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ ስለሆነ ስሟ ጀልባ ነው። ከአቃቂ ወንዝ በቀር ውሃ አይቼ የማላውቀው እኔ በየማለዳው በጀልባ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ስኩራራ፣ የክፍሌ ልጆች ደግሞ በበኩላቸው ስለ ውፍረቴ «ጆንያ» የሚል ስም አውጥተውልኛል።

እነሱ ያላወቁት፣ አባዬ ጆንያ እንደሚያስፈልገው ነው። ተራ ሞተር ሲታጠፍ ወደሚታጠፍበት ጎን ይጋደማል፤ ጀልባ የታሰረችበት ሞተር ግን መጋደም አይችልም። ወደ ቀኝ በፍጥነት ከታጠፈ ክብደቱ ሁሉ ወደ ግራ ይሸሽና ቀኝ ያለችው ጀልባ ባዶዋን ከሆነች ከመሬት ትነሳለች። ወደ ትምህርት ቤቴና ወደ ፋብሪካው ስንወርድ ደግሞ ከድሮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ አንድ ክፉ የቀኝ ኩርባ አለ። እዚያ ስንደርስ አባዬ ዞር ሳይል «ክበጂ!» ብሎ ይጮሃል፤ እኔ የደብተር ቦርሳዬን አቅፌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በቀኝ በኩል የጀልባዋን ከንፈር ተጭኜ ባለ በሌለ ኃይሌ እከብዳለሁ። ትንፋሽ መያዝ ክብደት እንደማይጨምር ማንም አልነገረኝም። ኩርባውን ስናልፍ «ጎበዝ!» ይለኛል፤ በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ ጆንያ መባሉን እችለው ነበር።

አንድ ጊዜ ኩፍኝ ይዞኝ ስተኛ አባዬ «አንድ ቀን ምን ይመጣል» ብሎ ጀልባዋን ባዶዋን ይዞ ወጣና፣ ክርኑ ተልጦ፣ ሱሪው በቦይ ጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። እማዬ ክርኑን በሞቀ ውሃ አጥባ ስትጨርስ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ነገር ባዶዋን ከዚህ ግቢ አትወጣም፤ በአቦ!» አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ካልቻልኩ የስንዴ ከረጢት ይጫናል። አንዴማ የፋሲካው በግ ተጭኖ፣ ኩርባው ላይ «ክበድ!» ቢሉት ጭራሽ ተነስቶ ቆመ። አባዬ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ የፊዚክስ መምህራችን፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የጀመረውን ቀጥ ያለ መንገድ መልቀቅ አይወድም፣ ይህም ኢነርሺያ ይባላል ብለው ሲያስተምሩን፣ እጄን አውጥቼ ስለ ጀልባችን ካልተናገርኩ ብዬ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብድግ አልኩ። ማታ ለአባዬ ስነግረው ጠባሳ የያዘ ክርኑን እያሻሸ «ስሙን ገና ዛሬ መስማቴ ነው፤ እሱ ግን እኔን ድሮ ነው የሚያውቀኝ» አለኝ።

ሀዋሳ ኮሌጅ ሲደርሰኝ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ፣ የእኔ ጭንቀት ኩርባው ነበር። አሁን ማን ይከብድለታል? ለእረፍት ስመለስ መልሱን በዓይኔ አየሁት። ዕድሜ ልኳን ሞተሩ ሲነሳ የምታማትበው እማዬ፣ ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ጀልባዋ ውስጥ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ትወጣለች። ወዴት እንደምትሄድ ብጠይቃት «ገበያ» አለችኝ። ተከትዬ ባይ ገበያም ምንም የለም፤ ኩርባውን እንዳለፉ ትወርድና እሱ ወደ ሥራው፣ እሷ በእግሯ ወደ ቤቷ። በየቀኑ እንዲህ ነበር። ወፍጮ ቤት እህል ስናስመዝን አባዬ ሊያበሽቃት «እስቲ ጭነቴን ልወቀው» ብሎ ሚዛኑ ላይ አቆማትና፣ ባለ ወፍጮው «ግማሽ ኩንታል፣ ትንሽ ፈቅ ይላል» ሲል ተሳሳቅን።

እማዬ ብዙ ሳትታመም ሞተች። አርባዋ ካለፈ በኋላ አባዬ ሞተሩን አስነስቶ «ነይ፣ ላድርስሽ» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ወደ ድሮ ቦታዬ ልገባ እግሬን ሳነሳ ግን ይህ ድንጋይ በእማዬ ትራስ ላይ ተቀምጦ በገመድ ታስሯል። «እዚያ ተይዟል፤ አንቺ ከኋላዬ ተቀመጪ» አለኝ። በኋላ ባለ ወፍጮው እንደነገረኝ፣ አባዬ ድንጋይ እያመጣ ሲያስመዝን ነው የዋለው። «ከበድ ያለውን ውሰድ፣ እሱ ይሻልሃል ብለው እንቢ አለኝ። ግማሽ ኩንታል፣ ትንሽ ፈቅ የሚል ካልሆነ አልፈልግም አለ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ከኋላው ተፈናጥጬ ወገቡን ይዣለሁ። ኩርባው ላይ ስንደርስ የአባዬ ጀርባ ጠጠር አለ፤ ዞር ሳይል፣ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ «ክበጂ!» አለ። እኔን አልነበረም። ጀልባዋ መሬቷን እንደያዘች አለፍን፤ እሱ «ጎበዝ» አለ፣ እኔ ፊቴን ኮቱ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ።

አባዬ ካረፈ ቆየ፤ ሞተሩም ተሸጧል። ለጫኙ ልጅ «ጫነው። በቀኝ በኩል አድርገው» አልኩት። «ገላን ድንጋይ የለም እንዴ?» እያለ ከጓደኛው ጋር አንስቶ አወጣው። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ የማውቃቸውን አጥሮች እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ሐዲዱ አካባቢ ስንደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቦርሳዬን አቀፍኩ፣ ሙሉ ሰውነቴን ወደ ቀኝ ጣልኩት። መኪናው ግን ምንም ሳይል ቀጥ ብሎ አለፈ። ለካ መንገዱን ሲያሰፉ ኩርባውን አንስተውታል።

ሹፌሩ በሩ ላይ ተለጥፌ ሲያየኝ «በሩ አልተዘጋም እንዴ፣ እናቴ?» አለኝ።

«ተዘግቷል» አልኩትና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።