የደጋዋ ምን አለች?

ልጅ ሳለሁ ዘጠኝ የደጋ አንበሶች ነበሩኝ። የሚኖሩት ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ላይ፣ ጅብራ በሚበቅልበትና ውርጩ እስከ ረፋድ በማይለቀው ጓሳ ውስጥ ነበር። የሰጡኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደርቤ ናቸው። በላስታ ምድር አንበሳ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እሳቸውም አላዩም። ይህ ግን ከማውራት አላገዳቸውም።

አያ ደርቤ ባና የሚሸምኑ ሰው ነበሩ፤ ያን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም የብርድ ልብስ። ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው የሚኖሩት እኛው ቤት ነው፣ ከብልባላ ወደ ተራራው ሲወጡ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር። ቀን ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው አይወጡም፤ ሲመሽ ምድጃው ዳር ይቀመጡና፣ እኔና ሙሉ የምትባለው የአክስቴ ልጅ ጠጉር እየባዘትን ተረት ያወሩልናል። መባዘት ማለት የተሸለተውን ጠጉር በጣት እየነጩ ማለስለስና ለፈትል እንዲመች በአመልማሎ፣ በትንንሽ ጥቅል፣ ማዘጋጀት ነው። ጣት ያቆስላል፣ አፍንጫ ያሳክካል፣ የበጉ ሽታ ታጥቦም ከእጅ አይለቅም። እናቴ ትፈትለዋለች፣ አያ ደርቤ ይሸምኑታል፣ አባቴ ገበያ ያወጣዋል።

ሙሉ ከተከዜ ዳር፣ ከቆላው ነበር የመጣችው። እናቷ ስትሞት አባቷ በአህያ ጭኖ አምጥቶ እኛ ዘንድ ተዋት። ያኔ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እኔ አሥር። በአገሯ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር ፊደል የቆጠረችው እኛ ጋ መጥታ ነው፤ ወዲያው ግን ደርሳብኝ ሦስተኛ ክፍል አብረን ተቀመጥን። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ከራስጌዋ አታጣውም። አንድ ቀን እናቴን «ያሻችሁን እሠራለሁ፣ ብቻ እንዳትመልሱኝ» ስትላት ሰምቻለሁ።

በአያ ደርቤ ተረት ላስታ ለሦስት የአንበሳ መንጋ ተከፍላ ነበር። የኔዎቹ የሚበሉት ጭላዳ ነው። ጭላዳዎች ገደል ላይ ተለጥፈው ያድሩና ንጋት ላይ ብርዱ ጣታቸውን ሲያደርቀው ቶሎ መሸሽ ያቅታቸዋል፤ ያን ጊዜ አንበሶቼ ከላይ ወርደው አንገት አንገታቸውን ይይዟቸዋል። አያ ደርቤ የአጥንቱን ድምፅ በአፋቸው አያስመስሉም። ከምድጃው ዳር አንድ ደረቅ ጭራሮ ያነሱና ቀጭ አድርገው እሳት ውስጥ ይጥሉታል።

የሙሉ አንበሶች የቆላ ናቸው፤ ድንጋዩ መዳፍ በሚልጥበት በተከዜ ሸለቆ የሚኖሩ፣ ጎፈራቸው የሳሳ፣ የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር። የሚያድኑት ከርከሮ ነው፤ ከርከሮ ደግሞ ዝም ብሎ አይበላም። አንድ ምሽት የሙሉን ትልቁን አንበሳ ሆዱን በክራንቻው ቀደደው፤ አንበሳው አንጀቱን እየጎተተ ወንዙ ድረስ ሄደ፣ ውሃውን ሳይቀምስ ሞተ። በመካከል፣ ጥድና ወይራ ባለበት ወይና ደጋ፣ ዝናቡም ሚዳቋውም በማይጎድልበት፣ የራሳቸው የአያ ደርቤ መንጋ ይኖራል። እሱ ተርቦ አያውቅም። «ምነው የርስዎ ብቻ?» ስንላቸው «ቀኑን ጉድጓድ ውስጥ የዋለ ሰው አንበሳው እንኳ ይጥገብለት እንጂ» ይሉን ነበር።

የኛ መንጎች መብላት አለመብላት ግን በእጃችን ነበር። ሁለታችንም ከትምህርት ቤት መልስ የባዘትነውን የምናጠራቅምበት እንቅብ አለን። ተረቱ ከመጀመሩ በፊት አያ ደርቤ እጃቸውን በየእንቅባችን እስከ ታች ይሰዱና ይለኩታል። የሞላላት አንበሶቿ ያን ምሽት ያድናሉ፤ የጎደለባት ይራባሉ። ሦስት ምሽት ተከታትሎ ከጎደለባት አንድ ደቦል ይሞትባታል። አሁን ሳስበው ልጅን ሳይጨቃጨቁ ለማሠራት የተፈጠረ ዘዴ ነው። ያኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነበር።

ሙሉ ጥጥ ከሚበቅልበት አገር ስለመጣች ጣቷ ይፈጥናል። አመልማሎዋንም እንደ ጥጥ ቀጭንና ረጅም አድርጋ ነው የምትጠቀልለው፤ የኔ አጭርና ድብልብል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ደቦሎች ሞቱብኝ። አንዱ በብርድ ደርቆ፣ እናቱ ልሳ ልሳ አልነሳ ሲላት በላችው። አያ ደርቤ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ የገበያ ወሬ የሚነግሩን ነው የሚመስለው። እያለቀስሁ ተኛሁ። ሙሉ በማግስቱ «አይዞሽ፣ ዛሬ ቀስ ብዬ እባዝትልሻለሁ» ስትለኝ ጠላኋት። አዎ፣ ስላዘነችልኝ ነው የጠላኋት።

የጀመርሁት በዚያው ቀን ነው። ሙሉ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከእንቅቧ ሁለት እፍኝ አመልማሎ አነሳሁና ከኔው እንቅብ ሥር ከትቼ ላዩን በራሴ ሸፈንሁት። ምሽት አያ ደርቤ እጃቸውን እስከ ታች ሰደዱ፣ ትንሽ ቆዩ፣ አወጡ። «የደጋዋ ሞላ» አሉ። አንበሶቼ ጠገቡ። ሙሉ የእንቅቧን ጉድለት አየች፣ ከዚያ ጣቶቿን አየች፤ የሰነፈች መስሏት ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ደብተሯን ትታ ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ትባዝት ጀመር። በባዘተች ቁጥር እኔም የማነሳው በዛ።

የመጀመሪያ ደቦሏ በረሃብ ሞተ። ሁለተኛውን ዝንጀሮዎች አቅም አጥቶ ከተኛበት አገኙት፤ ተሰብስበው እግርና እግሩን ጎተቱ፣ ከሁለት ቀደዱት። አንዲት ብቻ ቀረቻት። ይህችን ደቦል ሙሉ በሟች እናቷ ስም የሺ ብላ ትጠራት ነበር። እኔ አላወቅሁም ብል ደስ ባለኝ፤ አውቅ ነበር።

የኅዳር ውርጭ የወደቀበት ምሽት ነበር። የኩራዙ ጋዝ አልቆ ብርሃናችን የምድጃው ፍም ብቻ ሆኗል። እናቴ እንዝርቷን ታሾራለች፤ አባቴ በጭሱ ውስጥ ተቀምጦ ለበሬ የሚሆን ጠፍር ያለፋል። አያ ደርቤ እጃቸውን በእንቅቤ ሰደዱ፣ እስከዚያ ቀን ቆይተው የማያውቁትን ያህል ቆዩ። «የደጋዋ ሞላ» አሉና እሳቱን እያዩ ጀመሩ። ተከዜ ደርቋል፣ ከርከሮው ወደ ማዶ ተሻግሯል። የሙሉ እናት አንበሳ፣ መንጋዋ አልቆባት፣ የሺን በጥርሷ አንጠልጥላ ሽቅብ ወጣች። በወይና ደጋው ስታልፍ የአያ ደርቤ አንበሶች ጠግበው ተኝተው ስለነበር ቀና ብለው አይተው አሳለፏት። ጓሳው ውስጥ ስትደርስ መዳፏ በውርጩ ተሰነጣጥቆ የረገጠችው ሁሉ ደም ነበር። ከፊቷ የኔዋ እናት አንበሳ ቆማለች።

እዚህ ላይ አቆሙና ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«እህ፣ ብርቄ፣ የደጋዋ ምን አለች?»

ሙሉ ጠጉሩን አስቀመጠች። እኔን ለምና የማታውቅ ልጅ ያን ምሽት «ብርቅዬ፣ ትንሽ ናት እኮ» አለችኝ።

«ድንበሯ ነው። ትግደላቸው» አልሁ።

«ሁለቱንም?» አሉ አያ ደርቤ።

«ሁለቱንም።»

ያዘዝሁትን ሰጡኝ። አንበሳዬ የቆላዋን ጉሮሮ ይዛ፣ እግሯ መራገጡን እስኪተው ድረስ አልለቀቀችም። ደሙ ውርጩ ላይ ሲፈስ ይተን ነበር። የሺ አልሸሸችም፤ እናቷ የተኛች መስሏት ጡቷን ትፈልጋለች። አንበሳዬ ዞራ ራስ ቅሏን አንዴ ብቻ ነከሰችው። አያ ደርቤ ጭራሮውን አነሱና ቀጭ አደረጉት።

ሙሉ ከእናቴ እጅ እንዝርቱን ነጥቃ ተወረወረችብኝ። ፊቴን ልከልል እጄን ስዘረጋ ሹሉ ጫፍ በመዳፌ ገብቶ በወዲያ ወጣ። ጭኔ ላይ የነበረው ነጭ ጠጉር ሁሉ ቀላ። ከዚያ የአባቴ ጠፍር መጣ። ጀርባ አላለም፣ ክንድ አላለም፣ ጆሮ አላለም፤ ስትወድቅ ከመሬት አንስቶ ደግሞ ገረፋት። «በቤቴ! ልጄን!» ይል ነበር በየመሃሉ። ሰርቄያታለሁ ብል ይቆም ነበር። እጄን ታቅፌ አለቀስሁ እንጂ አልተናገርሁም። አያ ደርቤ ተነስተው የአባቴን ክንድ ያዙ፤ የሚያዩት ግን እኔን ነበር።

አባቴ ወደ አባቷ እንድትመለስ ቆረጠ፤ የእናቴ ልመና አልመለሰውም። በሦስተኛው ቀን ብልባላ ገበያ ነበርና አያ ደርቤ ወደ ቆላ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሊያገናኟት ይዘዋት ወረዱ። ጆሮዋ አብጦ በነጠላ ታስሯል። ደብተሯን በብብቷ ይዛለች።

ከዚያ ወዲህ አያ ደርቤ የአንበሳ ተረት አላወሩም። የቀበሮና የጦጣ ያወሩ ነበር፣ ማንም የማይሞትበትን። ግን አልፎ አልፎ፣ እራት ተበልቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ «እህ፣ ብርቄ፣ የደጋዋ ምን አለች?» ይሉኛል። የሚቀልዱ እየመሰለኝ «ጠግባ ተኝታለች» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። ሳገባ ጉልበታቸውን ስስም በጆሮዬ ጠየቁኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ላሊበላ ከተማ ሱቅ ከፍቼ ባናቸውን ለተሳላሚ መሸጥ ስጀምርም በስልክ ይጠይቁኝ ነበር። «ጠግባለች አያ፣ ኔትወርኩ አይሰማም» እላቸዋለሁ።

አምና አረፉ። ሙሉ ለአርባ ቀናቸው ከቆላ መጣች፤ ከዚያች ገበያ ወዲህ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። የአራት ልጆች እናት ሆናለች። ሰው ሲያናግራት ቀኝ ጆሮዋን ታዞራለች፤ ግራው አይሰማም። ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን እዚያው የድሮ ቤታችን ምድጃ ዳር ተቀመጥን። እጄን ሳበችና ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ሙሉ፣ አመልማሎሽን ስወስድ የነበርሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ከአፌ እስኪወጣ ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

«አውቃለሁ» አለች። «ብልባላ ስንወርድ አያ ደርቤ ነግረውኛል። ቀጭኑን ካንች እንቅብ ሥር በጣታቸው ለይተውት ኖሯል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔም ጠየቅኋቸው። ‹እሷው እስክትነግረኝ እጠይቃታለሁ፤ የነገረችኝ ቀን መጥቼ እወስድሻለሁ› አሉኝ።» ፍሙን በጭራሮ ነካካችው። «ደብተሬን ጠቅልዬ ቆየሁ፣ እስክዳር ድረስ።»

እሳቸውንም እስከ ዛሬ እቀየማቸዋለሁ። አንድ ቃል ተናግረው ሊያድኗት ሲችሉ የአንዲትን ልጅ ትምህርት በአሥር ዓመት ልጅ ምላስ ላይ አስቀመጡት። ምናልባት እኔን ማዳናቸው ነበር፤ ምናልባት ከአባቴ ጋር መጣላት ፈርተው ነው፤ እሳቸውም ያን ምሽት እንደ አንበሶቻቸው ጠግበው ተኝተው ይሆናል። እኔ ዘንድ የቀረው ግን ያ ጥያቄ ነው፣ በየምሽቱ ያለ ቁጣ የሚመጣው። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ሲጠይቁኝ ሱቄ በር ላይ ገዢ ቆሞ ነበር። ድምፃቸው ደክሟል፤ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። «ጠግባለች አልሁ እኮ፣ አያ» አልኋቸውና ዘጋሁት።