በመርከቧ ላይ የታሰረው ፀጉር

ጣውንት ያለባት ሴት ቢብስባት በር ላይ ጠብቃ የጣውንቷን ፀጉር ትነጫለች። የእኔ ጣውንት ግን በካርቶን ተጭና የመጣች የፕላስቲክ መርከብ ነበረች። ምኗን ልንጫት?

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ቁስል የሚያጥብና የሚሰፋ የሆስፒታል ድሬሰር ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የዲጋ ልጅ፣ የወንጌል አማኝ፣ ከአፉ ቃል ተለምኖ የሚወጣ ሰው። እኔ ደግሞ ከጎጃም መጥቶ እዚያው ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ጎጆ ስንወጣ አባቴ የዋንዛ ጠረጴዛ አሠርቶ ሰጠን። ቤታችን ያለችው አንድ መስኮት ስለነበረች ጠረጴዛውን እሷው ሥር አስቀመጥኩት። ፊት ለፊት ተቀምጠን ልንበላበት፣ ልንጫወትበት ነበር ሐሳቤ።

ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛዬን መርከብ ወረሰው። እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን።

ነገሩን ያመጣችው አብራው የምትሠራ ፈረንጅ ነርስ ናት። ሲስተር ነበር የምንላት። ቁስል ሲሰፋ እጁ እንደማይንቀጠቀጥ አይታ፣ ከአገሯ የተላከላትን የሚገጣጠም የአውሮፕላን ሞዴል ሰጠችው። አውሮፕላኑ አለቀ፣ መኪና ተከተለ፣ ከዚያ ትልቁ ሳጥን መጣ። ክዳኑ ላይ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ማዕበል ስትሰነጥቅ ተስላበታለች። ባሌ እንኳን ባሕር፣ ደህና ሐይቅም አይቶ አያውቅም።

ሳጥኑ ሲከፈት ግን መርከብ የሚባል ነገር የለም። ስፍር ቁጥር የሌለው ግራጫ ቁርጥራጭ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ የቡና ፍሬ ከቀጫጭን ዘንግ ጋር ተያይዞ ነበር። ባለቤቴ አንድ በአንድ በምላጭ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ በወረንጦ ይዞ ሙጫ ያስነካል። ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይገጥመዋል። ያን ጊዜ ካናገርኩት፣ ዐይኑን ሳይነቅል ጣቱን ያነሣብኛል፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

ቀለሙ ደግሞ ባሰ። ጫፏ እንደ መርፌ በቀጠነች ብሩሽ የመርከቧን መስኮቶች ዙሪያ ወርቅማ ይቀባና፣ ቶሎ እንዲደርቅላት ቀስ ብሎ እፍ ይልባታል። እኔን ድስት ጣቴን ሲያቃጥለኝ «ተጠንቀቂ እንጂ» ነው ያለኝ። እፍ አላለልኝም። እህል አልወርድ እስኪለኝ ድረስ ቀናሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር የቀለም ጣሳዎቿን ይዛ ትመጣለች። አማርኛ አትችልም፤ ኦሮምኛዋ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ከሰላምታና ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ሁለቱ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ከሄደች በኋላ «ምን አለች?» ስለው፣ «ስለ ምሰሶው ነው» ይለኛል። ሁልጊዜም ስለ ምሰሶው ነው። አሁን ሳስበው ሲስተር ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የገመድ ክር አይጥ በላው። በልቤ እልል አልኩ። ሥራው ቆመ፣ ባለቤቴም ፊቱን ወደ እኔ መለስ አደረገ። ደስታዬ ግን አልቆየም። አቧራ ልጠርግ ጠጋ ስል፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተወጠረ ነገር ፀሐይ መታውና አብለጨለጨ። ቢጫ ፀጉር ነበር።

«ይሄ የማን ፀጉር ነው?» አልኩት።

«የሲስተር ነዋ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ከማበጠሪያዋ ላይ ሰበሰበችልኝ። ቀጭን ነው፣ ለገመድ ልክ ነው።»

«ከማበጠሪያዋ? ነገ ደግሞ ከትራሷ ላይ ትሰበስብልሃለች!»

ሳቀ። በቁሜ ያነደደኝ መሳቁ ነው።

እናቴ ቤት ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም። ተጠቅልሎ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል፣ ትዳር ይፈታበታል ትል ነበር እናቴ። ይህቺ ፈረንጅ ግን ፀጉሯን በገዛ እጇ ባሌ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ እሱም ቤቴ አምጥቶ በሙጫ አጣበቀው። ከዚህ ወዲያ ምን መተት አለ?

በገበያ ቀን አማቴ ከዲጋ ሲመጡ ጉዴን ዘረገፍኩላቸው። መርከቧን ዞር ዞር ብለው አዩና «ማሊ ኩኒ?» አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ሳቅ ብለው በተሰባበረ አማርኛቸው ነገሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእሱ አባት ፈረስ ነበረው። እኔን አያይም፣ ፈረስ ነው የሚያይ። ተጣላሁ፣ እምቢ። ተኮራረፍኩ፣ እምቢ። ኋላ የፈረሱን ጋማ እኔ መጎንጎን ጀመርኩ። ፈረስ ሊያይ ሲመጣ እኔን ያያል። አንቺም ግቢ! መሀል ግቢ!»

ምክራቸው ሆዴ ገባ። በማግሥቱ ባለቤቴን አጠገቤ ጠርቼ የሳጥኑን ክዳን አሳየሁት።

«እየው፣ ገመዱ ጥቁር ነው። ያንተ መርከብ የበቆሎ ፂም የታሰረባት ነው የምትመስለው።»

ክዳኑን አየ፣ መርከቧን አየ። እኔ ሹሩባዬን ፈታሁት። ቀና ብሎ ዐይኑን ፀጉሬ ላይ ጣለ፤ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

«ስጪኝ» አለ እጁን ዘርግቶ።

«አልሰጥም። የማስረው ራሴ ነኝ።»

ቢጫውን አንድ ሳላስቀር በጣጥሼ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ሲሸት ደስ አለኝ። የእኔ ፀጉር ስለሚጠቀለል ባለቤቴ እያንዳንዱን ዘለላ የቀለጠ ሰም ቀብቶ በጣቶቹ መሀል እየሳበ ያቃናው ነበር። ቁስል ሲሰፋ የሚቋጥረውን ቋጠሮ አስተማረኝ። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ እኔ ስቋጥር እሱ ትርፉን በመቀስ ይቆርጣል። አንዴ ሰሙ ሲያቃጥለኝ ጣቴን ይዞ እፍ አለልኝ። መልሕቋንም እኔው ቀባሁ። ሲስተር እሁድ መጥታ ሥራችንን ስታይ አጨበጨበች፤ ገመዱ ክር መስሏታል። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሻዩን ራሷ ቀዳች።

ክረምቱ ሲወጣ ሲስተር ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው ተባለ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ለሽኝቱ የክት ቀሚሴን ለበስኩ። ባለቤቴ መርከቧን በጥጥ ደጋግፎ ሳጥን ውስጥ አስገባት። ማለቋን ለሲስተር ሊያሳይ ነው ብዬ አንዱን ጎን እኔ ተሸከምኩ። ሆስፒታሉ ግቢ እንደደረስን ሳጥኑን ከእጄ ተቀበለና አንሥቶ ሰጣት።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ስጦታዋ ነው እኮ። አባቷ በወጣትነቱ እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያውም ለእሱ እንድትወስድለት ነው የሠራሁት። ስናወራ ሰምተሽ የለም እንዴ?»

ሰምቻለሁ። ሻይ እየቀዳሁላቸው፣ በኦሮምኛ።

ሲስተር ሳጥኑን ከፍታ ገመዶቹን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችና የምን ክር እንደሆነ ጠየቀችው። «ሪፌንሰ ሀዳ መና ኮቲ» አላት። ይህቺ አላመለጠችኝም፤ የሚስቴ ፀጉር ነው ማለቱ ነው። የሴትዮዋ ዐይን እንባ ሞላ። አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ፤ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያለች ደጋግማ አመሰገነችኝ። እናቴ ግድግዳ ውስጥ ስትወትፈው የኖረችውን ፀጉር፣ አንድ በአንድ እየቋጠርኩ ለዚህች ሴት አስረክቤያታለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሲስተርን የጫነው ላንድሮቨር ሲነሣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋው ነበር። ባለቤቴ ሰው ፊት እጄን ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን አጥብቆ ያዘኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ የሚያየው ሳጥኑን ነበር።