የልጄ ቁራሽ

ልጄ ካቶሊክ ያገባች ጊዜ ጎረቤቶቼ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተራ በተራ መጡ። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይመልሳታል» አሉኝ። የትም አልጠፋችም ነበር። አዲስ አበባ ታስተምራለች፤ ባሏም እዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነው።

ይዛው አገራችን ቀየት የመጣችው ረቡዕ ቀን ነበር። እንደኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ዋለ። ጾሙን ሲፈታ ጠላ ቀዳሁለት። ጠጥቶ ሲያበቃ የታችኛዋ ጎረቤቴ ዋንጫውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ደጅ ለብቻው አስቀመጠችው። ባሏ አየ። ልጄም አየች። በማግስቱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ እንጂ ዓይኗን አላየሁም።

የዚያችው ጎረቤቴ ልጅ ሚስቱን ከነሕፃኗ ትቶ አዲስ አበባ ሌላ ሴት ጋ ገብቷል። «ወጣት አይደል፣ ንስሐ ይገባል» ይባልለታል። እኔም አልፈርድበትም። ያ ትዕግሥት ለልጄም ቢተርፍላት ብዬ ግን ተመኝቻለሁ።

የማርያም ማኅበራችን አንድ ልማድ አለው። ጽዋው ዞሮ ዳቦው ሲቆረስ ሩቅ ላለ ልጅም ቁራሽ ይነሣለታል፤ መንገደኛ ሲገኝ ይላክለታል። ልጄ ለትምህርት ከቤት ከወጣች ጀምሮ ቁራሿ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ካገባች በኋላ ማንም አላነሣላትም። እኔም አፍሬ ዝም አልሁ።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የገብስ ዳቦ ጋገርሁ። የንስሐ አባታችን ባርከው መቁረስ ሲጀምሩ፣ «አባቴ፣ የልጄንም» አልኋቸው።

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ።

«ደግሞ ለሮማ መላክ ጀመርን?» አለች ጎረቤቴ።

«እንግዲህ ከላክን ለጳጳሱም ይድረሳቸው እንጂ፣ እቴ!» አለች ሌላዋ። ሴቶቹ ሳቁ።

አባታችን ቢላዋውን እንደያዙ ቆዩ። ስለ ካቶሊክ ምን እንደሚያስተምሩ አውቃለሁ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ጠበቅሁ።

«የቁርባኑን ነገር ልጅቷ ስትመጣ እኔና እሷ እንነጋገርበታለን» አሉ። «ይቺ እናት የጠየቀችኝ ዳቦ ነው።»

ቆረሱላት። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

«ለአንቺስ ልጅ ልቁረስለት?»

«ይቁረሱለት፣ አባቴ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

ሰዉ ሲወጣ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። የልጇን ቁራሽ በመሐረብ ቋጥራ ያዘች።

«ሴትየዋ ቤት ማንን ልላክ? ልጅሽ ብታደርስልኝ…»

«ታደርስልሻለች» አልኋት።

ሁለቱን ቁራሽ አንድ ላይ አሥሬ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጠሁ።

በሳምንቱ ልጄ ደወለች። «ደርቋል እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። ስትቆረጥመው ይሰማኛል። የጎረቤታችንን ልጅ ቁራሽ ባሏ ራሱ ይዞለት እንደሄደ ነገረችኝ። ደጁ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጉም ነው አልኋት። ከዚያ ደግሞ፣

«ያ ዋንጫ አሁንም ለብቻው ነው?» አለች።

«አጥቤ ከሌሎቹ ጋር ደርድሬዋለሁ። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀው።»

መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅኋትም። መቆርጠሟን ቀጠለች፤ እኔም ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አዳመጥሁ። ተመስገን።